እሳት ካየው ምን ለየው?

«እሳት ካየው ምን ለየው» ይላል ያገራችን ሰው። ያደረ ወጥም ይሁን ከትናንት የተረፈ ጥብስ፣ አንድ ጊዜ ምድጃ ላይ ወጥቶ ከወረደ እንደ አዲስ ይቆጠራል ማለቱ ነው። ይህ ተረት ሲተረት የኖረው ግን እሳት ባለበት ቤት ነው። ዛሬ ነበልባል የሌላቸው፣ ፍም የማያውቁ፣ አመድ የማይወልዱ ማሞቂያዎች መጥተውብናል። አንደኛው በሞገድ ያሞቃል፤ ሁለተኛው በንፋስ። ለመሆኑ እሳት ያላየውን ምግብ ምን እንበለው?

ጥያቄውን ያነሳብኝ ቦንጋ ነው። ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዤ እዚያች ደን የከበባት ከተማ የደረስኩት ስለ ቡና ልጽፍ ነበር። ያረፍኩት በአንድ ወዳጄ እናት ቤት ነው። እማማ እያልኩ የምጠራቸው እኒህ ሴት በእንግዳ መቀበያው ጥግ ካለው ቡፌ ላይ ሁለት ነገሮችን በነጭ ዳንቴል ሸፍነው አስቀምጠዋል። ዳንቴሉን ገለጥ ሲያደርጉት አንደኛው ማይክሮዌቭ፣ ሌላው ኤር ፍራየር ሆኖ ተገኘ።

«ይኼኛውን ወንዱ ልጄ ከአዲስ አበባ ይዞልኝ መጣ፤ ያኛውን ሴቷ ከዱባይ በሰው እጅ ላከችልኝ። ሁለቱን አንድ ላይ ስሰካቸው ቆጣሪው ይዘጋብኛል። አንተ የተማርክ ነህና እስቲ ንገረኝ ልጄ፤ የትኛው ነው ምግብ ለማሞቅ የሚሻለው?» አሉኝ።

መልሴን ሳይጠብቁ የማይክሮዌቩን በር ከፈት አድርገው ሁለት ድፎ ዳቦ አወጡ። ለካ መሣሪያው ከመጣ ጀምሮ የዳቦ ሣጥን ሆኖ ነው የኖረው! ለምሳ የቀረበው የትናንት ወጥ የሞቀው ከሰል ላይ ነበር። በዚያች ዕለት ለጥያቄያቸው የረባ መልስ አልሰጠኋቸውም። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

የሚያድረው ምንድን ነው?

ምግብ የማሞቅን ታሪክ የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «በምን ይሞቃል?» ብሎ አይደለም። «ምን ያድራል?» ብሎ ነው። በዚህ ረገድ የእንሰት አገርና የጤፍ አገር የሚሰጡት መልስ የተለያየ ነው።

በከፋ ገጠር ጓዳ የሚያድረው የበሰለው ምግብ ሳይሆን ያልበሰለው ሊጥ ነው። እንሰት ከተተከለ በኋላ እንደየቦታው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ቆይቶ ይደርሳል። ግንዱ ይፋቃል፣ ሥሩ ይከተከታል፣ የተገኘው ነገር በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ይብላላል። ይህ ነው ቆጮ። ጉድጓዱ ውስጥ ለብዙ ወራት ይቆያል። የቤቱ እመቤት ለዕለቱ የሚበቃትን ያህል ታወጣለች፤ ታሸዋለች፤ በቅጠል ጠቅልላ ትጋግራለች። በልተው የተነሡ እንደሆነ ነገ የሚያስጨንቅ ትራፊ የለም፤ ነገ ከዚያው ጉድጓድ ሌላ ይወጣል። እንግዲህ ማቀዝቀዣው መሬት ነው፤ ማሞቅና መጋገርም አንድ ሥራ ናቸው። በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ኑሮው በእንሰት ላይ ነው ሲባል፣ ይህ ሕዝብ የያዘው አንድ ተክል ብቻ ሳይሆን አንድ የጊዜ አያያዝ ዘዴም ጭምር መሆኑን ልብ ይሏል።

በጤፍ አገር ነገሩ ሌላ ነው። ሊጡ ከተቦካ በኋላ ብዙ ቀን አይታገሥም። ስለዚህ እንጀራ በአንድ ቀን ለሁለት ለሦስት ቀን የሚሆን ይጋገራል፤ ወጥም በድስት ሙሉ ይሠራል። የሚያድረው እንግዲህ የበሰለው ነው። ወጡ በማግስቱ ይሞቃል፤ እንዲያውም ያደረ ወጥ ይጣፍጣል የሚል አይጠፋም። እንጀራው ግን እንደ ወጡ እሳት ላይ ተጥዶ አይሞቅም። ሲደርቅ ፍርፍር ይሆናል፤ ከዚያም ሲያልፍ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል። ፍርፍር ደግሞ ማሞቅ ብቻ ሳይሆን ከትራፊ ውስጥ ሌላ ምግብ መፍጠር ነው።

እነዚህ ሁለት ጓዳዎች ከፋ ውስጥ በሰፊው ጎን ለጎን የቆሙት በጦርነት ማግስት ነው። በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር በከፋ መንግሥት ላይ ዘመተ። የመጨረሻው የከፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በደኑ ውስጥ እየተሽሎከለከ ወራት ካስቆጠረ በኋላ ተማረከ። አገሩ በዘመቻው ክፉኛ ተጎዳ። ጦሩ ሲሰፍር ምጣዱም አብሮ ሰፈረ፤ ቦንጋም ቆጮና እንጀራ በአንድ ገበታ የሚቀርቡባት ከተማ ሆነች። የእማማ ጓዳ የዚያ ታሪክ ልጅ ነው። ጥያቄያቸው የከበደውም ለዚህ ነው፤ ሊያሞቁ የሚፈልጉት አንድ ዓይነት ምግብ አይደለምና።

ሁለቱም የጦርነት ልጆች ናቸው

የቀድሞው ዘማች ያሞቅ እንደሆነ በምን ያሞቅ ነበር ብለን ብንጠይቅ፣ ባብዛኛው አያሞቅም ነበር። ስንቁ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣና ድርቆሽ ነው። እነዚህ ሁሉ እሳትን ቤት ትተው የሚጓዙ ምግቦች ናቸው። በሶ በውኃ ይበጠበጣል እንጂ ምድጃ አይፈልግም። አያቶቻችን የዘመቻን ምግብ ችግር የፈቱት ማሞቅን ጨርሶ በመተው ነው።

ፈረንጆቹ ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ችግሩን በሌላ መንገድ ያዙት። የሚያስደንቀው ደግሞ የእማማ ቡፌ ላይ የተቀመጡት የሁለቱ ዕቃዎች አያቶች ብቅ ያሉት በአንድ ዓመት፣ በአንድ አገር መሆኑ ነው። ዓመቱ 1945 እ.ኤ.አ.፣ አገሩ አሜሪካ።

በመጀመሪያ ማይክሮዌቩን እንይ። በ1940 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ጆን ራንዳልና ሃሪ ቡት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለራዳር የሚሆን ኃይለኛ አጭር ሞገድ የሚያመነጭ ማግኔትሮን ሠሩ። የጠላት አውሮፕላን በጨለማ የሚያይ ዓይን ነበር። በዚያው ዓመት ምሥጢሩ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ሬይቴዎን የተባለው ኩባንያም በብዛት ያመርተው ጀመር። እዚያ ፐርሲ ስፔንሰር የሚባል መሐንዲስ ነበር። በልጅነቱ ወላጅ አጥቶ፣ ትምህርቱን ገና በለጋነቱ አቋርጦ ፋብሪካ የገባና በራሱ ጥረት የተማረ ሰው ነው። አንድ ቀን ከሚሠራ ማግኔትሮን አጠገብ ቆሞ ሳለ ኪሱ ውስጥ የነበረው ጣፋጭ ቀልጦ አገኘው። ሌላው ሰው ልብሱን ጠርጎ ይሄድ ነበር። እሱ ግን የበቆሎ ፍሬ አስመጥቶ ሞከረ፤ ፈንዲሻ ሆነ። በጥቅምት 1945 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ጠየቀ። በ1947 ገበያ የወጣው «ራዳሬንጅ» የተባለው የመጀመሪያው መሣሪያ ቁመቱ 1.8 ሜትር፣ ክብደቱ 340 ኪሎ ያህል ነበር። ቡፌ ላይ የሚቀመጥ አነስተኛ ማይክሮዌቭ በ495 ዶላር ለመሸጥ እስከ 1967 እ.ኤ.አ. መጠበቅ ግድ ሆኗል።

ኤር ፍራየሩስ? ስሙ አዲስ ነው። ፊሊፕስ ኩባንያ በዚህ ስም በበርሊን አውደ ርዕይ ላይ ያቀረበው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ሥራው ግን ያረጀ ነው። ዊሊያም ማክስሰን የሚባል አሜሪካዊ በጦርነቱ ጊዜ በአውሮፕላን ባሕር የሚሻገሩ ወታደሮች ቀዝቃዛ ምግብ መብላታቸው አሳሰበው። ሥጋውን፣ ድንቹንና አትክልቱን አብስሎ በአንድ ሳህን ላይ አቀዘቀዘ። ከዚያም የበረደውን ምግብ አየር ላይ ለማሞቅ ቀላልና ፈጣን ምድጃ ሠራ። ምሥጢሩ ከምድጃው ጀርባ የተገጠመችው ማራገቢያ ናት፤ ትኩሱን አየር እያሽከረከረች በሳህኖቹ ዙሪያ ታስሮጠዋለች። የምድጃው ስም «ዐውሎ ነፋስ» ነበር። የዛሬው ኤር ፍራየር የዚህ ምድጃ የልጅ ልጅ ነው፤ ጠባብ ሆኖ፣ ንፋሱ በርትቶ፣ ከላይ ወደ ታች የሚነፍስ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ብዙ ሰው «ማይክሮዌቭ ለማሞቅ፣ ኤር ፍራየር ለመጥበስ» ይላል። ታሪኩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ለማሞቅ ተብሎ የተፈጠረው የንፋሱ ምድጃ ነው፤ ሞገዱ ግን ማሞቁን ያገኘው በአጋጣሚ ነው።

እንፋሎትና ረመጥ

አሁን ወደ እማማ ጥያቄ እንመለስ። ሁለቱ ዕቃዎች የሚሠሩበት መንገድ እኛ ጓዳ ከድሮ ጀምሮ የምናውቀው ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ማይክሮዌቭ የእንፋሎት ዘመድ ነው። ሞገዱ ምግቡ ውስጥ ያለውን ውኃ ያንቀጠቅጠዋል፤ ውኃው ሲሞቅ ምግቡ ይሞቃል። ከውስጥ ወደ ውጭ ያበስላል የሚባለው ስሕተት ነው። ሞገዱ ዘልቆ የሚገባው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ግድም ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሙቀቱ ራሱ ነው እየተላለፈ የሚሄደው። ውኃ ደግሞ ከመፍላት አያልፍም። ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ግድም ከፍ ብላ በተቀመጠችው ቦንጋ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚህ ሙቀት ሽሮ፣ ወጥ፣ ገንፎና ቅንጬ ቆንጆ ሆነው ይሞቃሉ። ዳቦ ግን መጀመሪያ ይለሰልሳል፤ ጥቂት ሲቆይ እንደ ጎማ ይሆናል። ጥብስም ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

ኤር ፍራየር የረመጥ ዘመድ ነው። ከ160 እስከ 200 ዲግሪ የሚደርስ ደረቅ ንፋስ የምግቡን ገጽ ያደርቃል፤ ያ ገጽ ሲደርቅ ነው ቡናማ ሆኖ የሚሸተው። ለሳምቡሳ፣ ለጥብስ፣ ለአምባሻና ለቂጣ የሚስማማ ይህ ነው። ወጥ ቢያስገቡበት ግን ላዩ ደርቆ ውስጡ ቀዝቃዛ ይቀራል። ያደረ ቆጮም ሁለቱንም የሚፈልግ ነው። ልክ በቅጠል ተጠቅልሎ እንደሚጋገረው ሁሉ፣ እርጥብ ነገር ሸፍነው በሞገድ ቢያለሰልሱት፣ ከዚያም ለጥቂት ደቂቃ ንፋስ ቢያስነኩት ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይጠጋል። ደረቁን ብቻ ንፋስ ላይ ከጣሉት ድንጋይ ይሆናል።

ወጪውንም እናስላ። 1,200 ዋት የሚወስድ ማይክሮዌቭ አንድ ሳህን ወጥ በሁለት ደቂቃ ቢያሞቅ 0.04 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። 1,500 ዋት የሚወስድ ኤር ፍራየር ስምንት ደቂቃ ቢሠራ 0.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል፤ አምስት እጥፍ ማለት ነው። የመብራት ታሪፍ ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ በመጣበት ጊዜ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ሁለቱ ተደምረው ወደ 2,700 ዋት ስለሚደርሱ የእማማ ቆጣሪ መዝጋቱም አይገርምም። ከአሜሪካ ዕቃ ለሚላክለት ሰው ደግሞ አንድ ምክር አለኝ። እዚያ ያለው መብራት 120 ቮልት፣ እኛ ጋ ያለው 220 ነው፤ ዕቃውን ከመሰካቱ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን ያንብብ። የዱባዩ ግን ከእኛ ጋር ይስማማል፤ የሶኬቱን ጫፍ ማስተካከል ብቻ ነው።

ጤናውስ? እዚህ ላይ ተረታችንን ማረም ሊኖርብን ነው። እሳት ካየውም የሚለየው ነገር አለ። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ ከዋለ ተሕዋስያን ይራቡበታል፤ አንዳንዶቹ የሚተፉት መርዝ ደግሞ ተመልሶ ቢፈላ እንኳ አይጠፋም። ያደረ ሩዝ በዚህ የታወቀ ነው። ስለዚህ ምግቡ ቶሎ መቀዝቀዝ፣ ሲሞቅም እስከ መሐሉ ድረስ ከ70 ዲግሪ በላይ መድረስ አለበት። ማይክሮዌቭ አንዱን ጎን አቃጥሎ ሌላውን ቀዝቃዛ መተው ልማዱ ነውና በመሐል አውጥቶ ማማሰል፣ ከወጣም በኋላ ጥቂት ማሳረፍ ይገባል። ሁለቱም ዕቃዎች ግን አንድ ትልቅ ነገር ይሰጣሉ፤ ጭስ የላቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል። ያንን ጭስ የሚተነፍሱት ባብዛኛው ሴቶችና በሴቶች ጀርባ ላይ ያሉ ሕፃናት ናቸው።

ፍሙን ያመጡልን ሰዎች

እዚህ ላይ ላበቃ ስል አንድ ጥያቄ ያዘኝ። እስከ ዛሬ ድረስ የቦንጋን ወጥ ሲያሞቅ የኖረው ከሰል ከየት መጣ? ማንስ ተሸክሞ አመጣው?

ከፋ ውስጥ ማንጆ የሚባል ማኅበረሰብ አለ። በከፋ ነገሥታት ዘመን አዳኞች ነበሩ፤ የመንግሥቱን በሮችና ጠረፎችም ይጠብቁ ነበር። ነገር ግን የሚበሉት የአደን ሥጋ ሰበብ ተደርጎ ከሌላው ሕዝብ ተገልለው ኖሩ። አብሮ መብላት የለም፤ ጋብቻ የለም፤ ቤት መግባት የለም። አደኑ ሲቀር ብዙዎቹ ኑሯቸውን በእንጨትና በከሰል ላይ አደረጉ። የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ መሬት አስገኘላቸው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም ሰው ሁሉ እኩል ነው አለ። የገበታው ሕግ ግን በጋዜጣ ስለማይወጣ በጋዜጣ አይሻርም።

«በእናቴ ጊዜ» አሉኝ እማማ፣ «እንጨት ላመጣው ሰው ምግብ የሚሰጠው በቅጠል ነበር። ውጭ ተቀምጦ በልቶ ቅጠሉን ይጥለዋል። ሳህን አይነካም።»

የእንሰት ቅጠል! ቆጮውን የሚጠቀልለው፣ ጉድጓዱን የሚለብጠው ያ ቅጠል ሰውን ከሰው ለመለየትም ያገለግል ነበር። ምግቡን ያሞቀው ፍም ከእጁ የመጣው ሰው፣ ያንን ምግብ በሞቀበት ሳህን አይበላም ነበር ማለት ነው።

እማማ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ዓይናቸውን ወደ ቡፌው መለሱ። «ይቺ ዱባይ ያለችው ልጄም በምትሠራበት ቤት ሳህኗና ብርጭቋ ለብቻው ነው። ይኼንን ዕቃ እዚያ ነው የለመደችው። የእነሱን ታሞቃለች፤ እሷ ኩሽና ቆማ ትበላለች። ይኼን ስትነግረኝ የእናቴ ቅጠል ትዝ አለኝ» አሉ።

በዚህ ላይ ልጨምረው የምችለው ቃል አልነበረኝም።

አንድ እውነት ግን ሳይነገር መቅረት የለበትም። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቀጠና ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ከሰል ይቅር፣ ሶኬት ይግባ ማለትም ደግ ነው። የጎጀብ ወንዝ የከፋን ውኃ ሰብስቦ ወደ ኦሞ ይወስደዋል፤ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀውን 1,870 ሜጋ ዋት ያለውን ግልገል ጊቤ ሦስትን የሚያዞረው ውኃ ውስጥ ይህም አለበት። የከፋ ዝናብ መብራት ሆኖ ወደ ከፋ ቢመለስ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከሰሉ ሲቀር ከሰል ሻጩ ምን ይሆናል? ትናንት ፍሙን ተቀብለን ሰውየውን ውጭ አስቀመጥነው። ነገ ፍሙም ሲቀር ሰውየውን ጨርሶ እንዳንረሳው ያሰጋል።

ለእማማ የምሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። አንዱን ብቻ ይሰኩ ከተባለ ማይክሮዌቩን ይሰኩ፤ የእኛ ቤት ትራፊ ባብዛኛው ወጥ ነውና፣ መብራትም አይበላም። ዳቦዎቹን ያውጧቸውና ሌላ ቦታ ይፈልጉላቸው። የልጅዎን ስጦታ ደግሞ ለአምባሻው፣ ለጥብሱና ለቆጮው ያቆዩት፤ በየተራ እንጂ አንድ ላይ አይስኩ።

ከቦንጋ በወጣሁበት ዋዜማ እማማ ቡና አፈሉ። ፍሙ ላይ የተጣደችው ጀበና አቦሉን ሰጥታ፣ ለቶናው ውኃ ተጨምሮባት ወደ ፍሙ ተመለሰች። ቶናው ሊቀዳ ሲል ከሰል የምታመጣቸው ሴት በሩ ላይ ደረሰች። ጆንያዋን አውርዳ ብሯን ለመቀበል እዚያው ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ግቢ እንጂ» አሏት እማማ።

ሴትዮዋ ደፍ ላይ ጥቂት አመነታች፤ ከዚያ ገባችና በሩ አጠገብ ካለው ዱካ ላይ ተቀመጠች። እኔ ሲኒውን ተመለከትኩ። ከዚያው ከረከቦቱ የተነሣ፣ እኔ የጠጣሁበት ዓይነት ሲኒ ነበር። ጠጥታ ስትመልሰውም ከእኛዎቹ ጋር አብሮ ታጠበና ለበረካው ተደረደረ።